የማይበራ አምፖል

ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ጅማ ሙሉ ነው፤
እኔን የቀጠሩኝ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ነው።
ከጅሬን ጀርባ፣ ከካባው አፋፍ ላይ፣
በሦስት እግር በርጩማ፣ አንዲት አምፖል ሳይ፤
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ከእጅ ባትሪ የነቀልኳት፣
በዲቶናተሩ ፈንታ ከሽቦው ጫፍ ያሰርኳት።

ባሩዱ ገና በሳጥኑ፣ የማፈንጃው ቁልፍ ከኪሴ፤
መቶ ሜትር ሽቦ ብቻ፣ ጤዛ ላይ ተጋድሞ፣ እንደ ራሴ
ያዳምጣል።

ሽቦ ዲዳ ነው ይላሉ። ዲዳስ ይሁን፤ ደንቆሮ ግን አይደለም።
ይሰማል የኤፍኤሙን ዜና፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሰላም፣
የቴሌውን ማማ ሹክሹክታ፣ የሲኖ ሹፌሩን ሞባይል፤
ለቅሞ ለቅሞ ያወርደዋል፣ ምንም አይጥል፣
ከፀጉር ወደ ቀጠነች ክር።
እሷ ደግሞ ሰው አታውቅም፤ ትእዛዝ ከጨዋታ አትለይም፤
ከሞቃት ሞቃት ነው፤ “ማን ነህ?” ብላ አትጠይቅም።

በጉብዝናዬ ወራት ቆላ ላይ የሚሳይል ዘብ ነበርኩ፤
ይህችን ፍርሃት ከሻምበል ወንዳፍራሽ እጅ ተማርኩ።
“ጠላት ከደመናው ጀርባ ብቻ ነው ያለው እንዳይመስልህ፤
ጠላት የምታይበት ራዳር፣ የገዛ ዓይንህ ነው የሚያቃጥልህ።”
ከሚሳይሉ ጭራ ማቀጣጠያውን አውጥተን፣
በቦታው ሙቀት የምታሸት ቅንጣት መለኪያ ሰክተን፣
አንዴ ራዳሩን፣ አንዴ የመኪናዋን ሬዲዮ እየከፈትን፣
እሱ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ፦
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ነጥብ ሁለት።
“ቁም!”
ነጥብ ሁለት ላይ ሁላችንም ላብ በላብ።
መኪናዋን አራቅናት። ዜሮ። ራታችንን በላን።
ላልፈነዳ ነገር ሜዳሊያ አልተሰጠን።

ሐሙስ ነው፤ የሂርማታ ገበያ፤ ሰማዩ ዝናብ አርግዟል።
የሠራተኛው ሞባይል ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ታሽጓል፤
ሰሚራ ቆጥራ ተረክባ ተቀምጣበታለች።
አምፖሏ በራች።

ናዚፍ ሳቀ፦ “ጋሼ፣ ፀሐይ ናት ያታለለችዎ።”
ፀሐይ የታለች? ባርኔጣዬን ጋረድኩባት።
በራች። ጠፋች። ሁለቴ በራች። ረጅም ጠፋች።
ሰው እንደሚያወራ፣ መልስ እንደሚጠብቅ፣ እንደገና በራች።

ወርጄ ባይ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ጭቃ የዋጠው አምቡላንስ፤
አንቴናው እንደ ሸንበቆ ረዝሞ፣ ከሽቦዬ አጠገብ የሚወዛወዝ።
ሹፌሩ በሬዲዮ ሆስፒታሉን ይጠራል፦ “ከሰቃ ነው፣ ምጥ ነው፣
ሁለተኛ ቀኗ ነው፣ ትሰሙኛላችሁ ወይ?” የሰማችውስ አምፖሌ ነች።

ምን ብዬ ልቆጣው?
ያ ድምፅ፣ ነፍስ ለማትረፍ የወጣው፣
አሥራ ስድስቱን ጉድጓድ ባሩድ ሞልተነው ቢሆን፣
ናዚፍን እንደ ገለባ ባነሣው ነበር፣ ሳቁን ሳይጨርስ፣ አፉን ሳይከድን።
ሁለቱን የሽቦ ጫፎች አንድ ላይ ጠመዘዝኩ፤
የመጣው ሁሉ ዞሮ ይመለስ ብዬ፣ ወደ ክሯ መሄጃውን ነሣሁ።
ፈላጮቹ መዶሻቸውን ጥለው ወረዱ፤
ገፉት። ጭቃው ለቀቀ። ሄዱ።
ወንድ ትሁን ሴት አልሰማሁም፤ ስልኬ ቆርቆሮው ውስጥ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ጸሐፊዋ የሥራ ቅጹን ዘርግታ፣
“ጋሼ፣ ምን ሠሩ?” አለችኝ፣ እስክሪብቶዋን አንሥታ።
“ጻፊ” አልኳት፣ “ምንም አልሆነም።”
ቀና ብላ አየችኝ። “ለሱ ቦታ የለውም።”
“እንግዲያው ከዳር ጻፊው።”
ጻፈችው። ፈረምኩ።
ነገ ሌላ ጉድጓድ አለ፤
በርጩማዬን ብብቴ ሥር ይዤ፣
አምፖሏን በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩ።